ለሽሮሜዳዋ ሱቃችን ድረ ገጽ ያስፈልጋታል? እየቆጠርኩ የጻፍኩት ማስታወሻ

ኅዳር 7 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ የምላቸው፣ ሽሮሜዳ ውስጥ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላቸው። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ቀሚስና ነጠላ በየበሩ ከተሰቀለባቸው ሱቆች አንዷ ናት። ስፋቷ ሦስት ሜትር በአራት ቢሆን ነው። እኔ በሳምንቱ መሥሪያ ቤት ስለምውል ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ሒሳብ እይዝላቸዋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ወጣት ቢዝነስ ካርዱን ይዞ ገባ። ድረ ገጽ እሠራለሁ አለ። ዕቃ የሚመረጥበት፣ በካርድ የሚከፈልበት፣ ሁሉ ነገር የተሟላለት፣ 45,000 ብር። ልጁ ትሑት ነው፣ አልጠላሁትም። ግን "በዚህ ዘመን ድረ ገጽ የሌለው ንግድ የለም ማለት ነው" ሲል እትዬ ፊታቸው ቅጭም አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ያሳደጉባት ሱቅ ናት።

ልጁ ሲወጣ "ልጄ፣ ያስፈልገናል ወይስ አያስፈልገንም? ቁርጡን ንገረኝ" አሉኝ። ቁርጡን አላውቀውም ነበር። ደግሞ ቃሉን ያዙት። "ድሩን አውቀዋለሁ። ድር ያለ ማግ ልብስ አይሆንም። የዚህኛው ማግ ምንድን ነው?" አሉ። ዕድሜያቸውን ከሸማኔ ጋር የኖሩ ሰው ጥያቄ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። በግምት ከምመልስላቸው እየቆጠርኩ ልይ ብዬ ይቺን ማስታወሻ ጀመርኩ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ከሥራ ስወጣ ደብተር ገዝቼ ሱቅ ሄድኩና ከመደርደሪያው እግር ጋር በሲባጎ አሰርኩት። ሕጉ አንድ ነው፤ የገዛ ሰው ሁሉ "እንዴት አገኙን?" ተብሎ ይጠየቅና መልሱ በአንድ መስመር ይጻፋል። የገዛ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ቲክቶክ ላይ ዋጋ የሚጠይቀው ሰው ብዛት ሲታይ ሱቁ የተጥለቀለቀ ይመስላል፣ ግን ጠያቂና ገዢ ለየቅል ናቸው።

እትዬ ደንበኛው ምርመራ እንዳይመስለው ሰግተው ነበር። የሚጠይቁበት መንገድ ግን የራሳቸው ነው፦ "የኔ እናት፣ ማን መራሽ ወደኛ?" ሰው ደስ ብሎት ይናገራል። አንዳንዷ የመራቻትን ሴት ሰርግ ሁሉ ታወራለች።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ያለፈውን ወር የቴሌግራምና የዋትስአፕ መልእክት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አራት ሰዓት ፈጀብኝ። የ40 ሰው ወሬ ነው። ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፦ ዋጋው ስንት ነው፣ የት ናችሁ፣ በስንት ቀን ይደርሳል፣ ወደ ውጭ ትልካላችሁ፣ ልኬቴን እንዴት ልውሰድ። የመጨረሻዋን ከ40ው 31ዱ ጠይቀዋታል።

እስከ ዛሬ ልብ ያላልኩት ሰዓቱን ነው። ዋሽንግተን በክረምታቸው ከኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ ያለችው ደንበኛ ከሥራ ወጥታ ስልኳን ስታነሳ እኛ ጋ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። እትዬ ስልካቸውን ትራሳቸው ሥር ነው የሚያሳድሩት። ጽሑፍ ስለማይቀናቸው በድምፅ ይመልሳሉ። አንዱን ከፍቼ ሰማሁት። እንቅልፍ በተጫነው፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ አጎቴን እንዳይቀሰቅሱ እያንሾካሾኩ "ሜትሩን በብብትሽ ሥር አሳልፊው፣ የኔ ቆንጆ፣ አታጥብቂው" ይላሉ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። በወሩ ውስጥ ይህንኑ ማብራሪያ 31 ጊዜ ሰጥተዋል፣ ብዙውን በሌሊት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ብቅ የምል ሰው ይህን አላውቅም ነበር፣ አዘንኩ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ መጥፎ ቀን ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ደንበኛ ለራሷና ለስምንት ዓመት ልጇ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስ አዝዛ ነበር። ዕቃው ወደዚያ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ተላከ። ትናንት ደረሳትና ፎቶ ላከች። የእናትየው ልክክ ብሏል። የልጅቷ ግን የሕፃን ቀሚስ ነው! ልጅቷ ደረቷ ላይ አስደግፋው ቆማለች፣ እንብርቷ ጋ እንኳ አይደርስም።

ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ መልእክቶቹን መረመርኩ። የራሷን ልኬት እትዬ በስልክ እያወሩ ስለተቀበሏት በሴንቲ ሜትር ነው። የልጅቷን ግን በማግስቱ ራሷ ለክታ ጻፈች፦ "ቁመት 38፣ ደረት 26"። አሜሪካ ናት፣ በኢንች ነው የለካችው። ቁመቱ 97 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን ነበረበት። ልብስ ሰፊያችን ደግሞ 38ቱን በሴንቲ፣ 26ቱን የደረት ግማሽ አድርጎ ወሰደውና ለጨቅላ የሚሆን ቀሚስ አገኘ። ዕድሜዋን ማንም አልነገረውም። በሱ አልፈርድም፣ ጥፋቱ ትእዛዙን የምንቀበልበት መንገድ ነው።

እትዬ በራሳቸው ወጪ አዲስ እናሠራለን አሉ። ለገና አይደርስም፣ ለጥምቀት እንሞክራለን። ጥለቱ ግን ከእናትየው ጋር አንድ እንዲሆን ያንኑ ሸማኔ፣ ያንኑ የክር ቀለም ማግኘት አለብን።

ማታ ሱቅ ውስጥ ያለችውን ሜትር አንስቼ አየኋት። ቢጫ ናት። በአንድ ፊቷ ሴንቲ፣ ስትገለብጣት ኢንች። ይህን ያህል ዓመት ስይዛት ገልብጫት አላውቅም።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ጎግል ማፕ ላይ ሱቃችን አለች፣ ግን ማን እንደጫናት አናውቅም፤ ስልኩ የድሮ ነው፣ ቦታዋም ከመንገዱ ማዶ ነው። ባለቤትነቱን ለማረጋገጥ ቪዲዮ ቀርጸህ ላክ ይላል። መንገዱን፣ ታፔላውን፣ የውስጡን መደርደሪያ፣ እትዬ ቁልፉን ሲከፍቱ በአንድ ቀረጻ ሳልቆርጥ አነሳሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተፈቀደ። ስልኩን አስተካከልኩ፣ 12 ፎቶ ጫንኩ፣ የምንከፍትበትን ሰዓት ጻፍኩ። አምስት ሳንቲም አልከፈልንም።

ድረ ገጽ ልሥራ ወይስ ይቅር እያላችሁ ያላችሁ ሰዎች መጀመሪያ ይህን አድርጉ። ቤት ቁጥር ብዙም በማይሠራባት ከተማ "ከባንኩ ጎን ገባ ብሎ" እያሉ በስልክ መምራት ያደክማል። ማፑ ግን ብቻውን በቂ ነው አልልም። ጎግል ለትንንሽ ንግዶች ከዚሁ ጋር በነጻ ይሰጥ የነበረውን ባለ አንድ ገጽ ድረ ገጽ እንደ ፈረንጆቹ በመጋቢት 2024 ዘግቶታል። በነጻ የተሰጠህን ነገር ሰጪው ባሻው ጊዜ ይወስደዋል፣ ይህን እያወቁ መጠቀም ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሁለት ነገር ነው ያጣራሁት፣ ሁለቱም ያንን የ45,000 ብር ሐሳብ ከሥሩ የሚነቀንቁ ናቸው።

አንደኛው ክፍያ። በካርድ የሚከፈልበት ሱቅ ይሠራላችኋል የተባለው ለውጭ ደንበኛ ነው። የካርድ ክፍያ የሚያቀባብለው የውጭ ድርጅት ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ሌላው የውጭ የክፍያ ድርጅት ፔይፓልም እዚህ ሆኖ ገንዘብ ለመቀበል አያገለግልም። የአገር ውስጥ የክፍያ መንገዶች አሉ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ እትዬም ተመችቷቸዋል፣ ግን ለአገር ውስጥ ደንበኛ ሱቋ ራሷ ቅርብ ናት። ታዲያ የውጭዎቹ እስካሁን እንዴት ከፈሉ? ሒሳቡን ገለጥኩ። ካለፉት 16 የውጭ ትእዛዞች 11ዱን የከፈለው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ነው፤ እህት፣ አክስት፣ የልጅነት ጓደኛ። ዘመዷ ሱቅ ትመጣለች፣ ልብሱን በእጇ ትዳስሳለች፣ ፎቶ አንስታ ትልክላታለች፣ ከዚያ ትከፍላለች። የቀሩት 5ቱ በሐዋላ ላኩ። ይህንን የትኛውም የካርድ መክፈያ አይተካውም፣ መተካትም ያለበት አይመስለኝም።

ሁለተኛው ሽመናው ነው። ከሰዓት እትዬን ተከትዬ ሸማኔያችን ቤት ሄድኩ። ከጋሞ፣ ከዶርዜ የመጡ አባት ናቸው፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው ቁጭ ብለዋል። ጥለቱን በየመስመሩ ክር በጣታቸው እያነሱ ነው የሚያስገቡት። አጠገባቸው ተቀምጬ ሰዓት ያዝኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመዳፌን ስፋት ያህል ጥለት ወጣ። ጥለቱ ሰፊ የሆነ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ሁለት ሳምንት ይወስድባቸዋል። እንዲህ ያሉ ሦስት ሸማኔዎች አሉን። ለጥር ሰርግ የመጡ ትእዛዞችን ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ እየመለስን ነው።

"ብዙ ደንበኛ ቢመጣ ምን እናደርጋለን?" አልኳቸው እትዬን ስንመለስ። "ይቅርታ እንላለን" አሉ። "አሁንም እያልን ነው።"

ያ ልጅ ሊሸጥልን የመጣው ብዙ ደንበኛ ነው። እኛ ያጠረን ደንበኛ አይደለም፣ የእትዬ እንቅልፍና የሸማኔዎቹ ሰዓት ነው።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ደብተሩን ደመርኩ። ስድስት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ 58 ገዢ። ሰው መርቷቸው የመጡ 24። በመንገድ ሲያልፉ የገቡ 13። በቲክቶክ 11። በቴሌግራም 7። በማፕ 1። የማያስታውሱ 2።

በገንዘብ ሲታይ ሥዕሉ ይለወጣል። የውጭዎቹ 16 ብቻ ናቸው፣ ግን ለቤተሰብ ስለሚያዙ ከገቢው ከግማሽ በላይ የነሱ ነው። እነሱን ለብቻ ሳያቸው አብዛኞቹ መጀመሪያ በቲክቶክ ያዩን ናቸው፣ ወይም ዘመድ የነገራቸው። ስለዚህ ሰዎቹ ያገኙናል። የሚቸገሩት ካገኙን በኋላ ነው።

ገና ሊደርስ ነው፣ ከዚህ በላይ መጻፊያ ጊዜ የለኝም።

ጥር 11፣ እሑድ፣ ጥምቀት

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባለው እኛ ሱቅ ውስጥ ከተረትም በላይ ነው፤ የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው። እስከ ትናንት ከተራ ማታ ድረስ ስናስረክብ አመሸን። ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ አዲሱ ቀሚሷ ሐሙስ ዕለት ደርሷታል። በዚያ ብርድ ከካፖርት ሥር ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ እናቷ ፎቶ ልካልናለች። እትዬ ፎቶውን ለሚያገኙት ሰው ሁሉ እያሳዩ ነው።

ጠዋት ጃንሜዳ ቆሜ ሳለ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ዋትስአፕ ላይ ከአሜሪካ፦ "ገጻችሁ ጠፋ"፣ "ዘጋችሁ እንዴ?" እኔ ጋ ቲክቶክ ይሠራል። ኋላ ነው የገባኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዓርብ ዕለት ቲክቶክ ካልተሸጠ ይታገድ የሚለውን ሕግ አጽንቶት ስለነበር ቲክቶክ እዚያ ቅዳሜ ማታ ተዘግቷል። በኛ እሑድ ጠዋት መሆኑ ነው። ማታ ተመልሶ ተከፈተ። አንድ ቀን እንኳ አልሞላም።

ግን ያቺን አንድ ቀን አሰብኳት። የአብዛኞቹ የውጭ ደንበኞቻችን መንገድ በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ያልፋል፣ እሱ ደግሞ በሌላ አገር ፖለቲካ ጠዋትና ማታ ይከፈታል ይዘጋል። የጻፉልን ቁጥራችን የነበራቸው ናቸው። ቁጥራችንን ሳይዙ ቪዲዮአችንን ብቻ እያዩ የነበሩት የት ሄደው ይፈልጉናል? የራሳችን የሆነ ቦታ የለንም። ሱቅ የሌለው ነጋዴ እንኳ "ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ጥግ አታጡኝም" ይላል።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ለእትዬ ቁርጡን ነገርኳቸው።

መሸጫ ያለው ትልቅ ድረ ገጽ አያስፈልገንም። ክፍያው አይሠራም፣ ትእዛዙን የሚሸምንልን የለም፣ በየቀኑ ዋጋና ዕቃ የሚቀይርልን ሰውም የለም። አንድ ገጽ ግን ያስፈልገናል። ስሙ የራሳችን የሆነ፣ ቲክቶክም ቢዘጋ ቴሌግራምም ቢዘጋ ሰው የሚያገኘው። ዋና ሥራው ደግሞ መሸጥ አይደለም፤ እርስዎ በሌሊት የሚያስረዱትን በእርስዎ ፋንታ ማስረዳት ነው።

ዝም ብለው ሰሙኝ። "እንግዲህ ማጉ ይሄ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያው "ስንት ነው?" ቀጠለ።

የስሙ፣ ማለትም የገጹ አድራሻ፣ ኪራይ መጨረሻው ዶት ኮም ከሆነ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለን በብር ከሚያስመዘግብ የአገር ውስጥ ድርጅት ትንሽ ጨምረን እንወስዳለን። የኢትዮጵያው ዶት ኢቲም አለ፣ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል። ልቤ እሱን ይወዳል፣ ግን የውጭ ደንበኞቻችን ሰምተው ሳይሳሳቱ የሚጽፉት ዶት ኮሙን ነው። ገጹን ራሴ እሠራዋለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ አልኩ። ስሙ የሚመዘገበው በእትዬ ስምና በእትዬ ስልክ ነው፣ በኔም አይደለም። እዚሁ መንደር አንድ ጎረቤታችን ገጹን ያሠራለት ልጅ ስሙን በራሱ አስመዝግቦት ኖሮ፣ ልጁ አገር ሲቀይር ገጹም አብሮት ጠፋ። ሰውየው ያተመው ካርድና ታፔላ ሁሉ የሞተ አድራሻ ይዞ ቀረ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ልኬቱን ስናዘጋጅ ዋልን። የእትዬ ልጅ ቆመችልን። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ እጅጌ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። ለእያንዳንዱ አንድ ፎቶ፣ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር። ዓረፍተ ነገሮቹን እኔ አልጻፍኳቸውም። የእትዬን የሌሊት ድምፆች እየሰማሁ ገለበጥኳቸው፣ "አታጥብቂው" ሁሉ ሳይቀር። ከሳቸው የተሻለ ማንም አያስረዳም።

ከሁሉ በላይ ያለው ፎቶ ግን የሜትሯ ነው። ሁለቱ ፊቷ ጎን ለጎን፣ በሴንቲው በኩል ትልቅ አረንጓዴ ምልክት። "በዚህ በኩል ለኩ። ከቁጥሩ ጎን ሴንቲ ብላችሁ ጻፉ። ለልጅ ከሆነ ዕድሜውን ጨምሩ።"

ሌላው አጭር ነው። የት እንዳለን ከማፑ ጋር። የዋጋ መነሻ በዓይነት በዓይነቱ። በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ለሰርግ ከሁለት ወር በፊት እዘዙ የሚል። አንድ ሸማኔ ስንት ቀን እንደሚፈጅበትም ጻፍኩ፣ ምክንያቱም "ለምን ተወደደ?" የሚለው ጥያቄ እዚያ ላይ መልሱን ያገኛል። የሸማኔያችን የእጃቸው ፎቶ አለ። ፈቃድ ጠይቄ ነው፣ ፊታቸው እንዲወጣ አልፈለጉም።

ገጹ ቶሎ እንዲከፈት የእያንዳንዱን ፎቶ መጠን ከ100 ኪሎባይት በታች አሳነስኩት። ገጹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፣ እዚያ የተወለዱት ሙሽሮች አማርኛ ቢሰሙም ማንበብ ለብዙዎቹ ይከብዳቸዋል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ገጹ ከወጣ ሳምንቱ ነው። ዋትስአፑን ወደ ዋትስአፕ ቢዝነስ ቀየርነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለሚጽፍ ሰው ራሱ ይመልሳል፦ "እትዬ ተኝተዋል፣ ጠዋት ይመልሳሉ። ልኬትና ዋጋ እዚህ አለ"፣ ከዚያ አድራሻው። መጀመሪያ የመልሱን ቃል እኔ "ውድ ደንበኛችን" ብዬ ጽፌው ነበር፣ እትዬ "ይሄ የባንክ ነው" ብለው አስቀየሩኝ።

እስካሁን በገጹ በኩል ብቻ የመጣ አዲስ ሰው የለም። አልጠበቅኩምም። ልኬት ከላኩ 9 ሰዎች ግን 7ቱ ከቁጥሩ ጎን ሴንቲ ብለው ጽፈዋል። የቀሩትን ሁለቱን እትዬ ቀን ላይ ደውለው አጣሩ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሰኞ ሑዳዴ ይገባል። በጾሙ ሰርግ የለም፣ ሱቁ ጭር ይላል፣ ሽመናው ግን አይቆምም፤ የፋሲካና የዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ የሚሸመነው አሁን ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው፣ የሙሽራ ቀሚስ ትእዛዝ ሞልቶ ተዘግቷል። ገጹ ላይ "ለፋሲካ ሰርግ ሞልቷል፣ ከግንቦት በኋላ ላለው እንቀበላለን" ብዬ ጻፍኩ። ይህችን አንድ መስመር መቀየር ሦስት ደቂቃ አልፈጀም፣ እትዬን ግን ከስንት ይቅርታ እንዳዳነቻቸው እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

የስሙን ዓመታዊ ክፍያ ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ጻፍነው። በሚቀጥለው ዓመት ቀን መቁጠሪያ ላይም እንዲገለበጥ ለልጃቸው ነግረናታል።

ዛሬ ከእስራኤል፣ ከኔታንያ፣ አንዲት ደንበኛ የስድስት ሰው ልኬት ላከች። ሁሉም በሴንቲ፣ ሁሉም ከዕድሜ ጋር፣ አንድም ጥያቄ ሳይኖራት። ብቻ ሁለት ነገር ጻፈችልን። አንደኛ፣ ለልጆቿ በዕብራይስጥ ቢኖር። ሁለተኛ፣ የእጅጌው ፎቶ ላይ ሜትሩ ከትከሻ አጥንት ይጀምር ወይስ ከአንገት ሥር አይታይም። ሄጄ አየሁት፣ ልክ ናት፣ የቆመችልን የእትዬ ልጅ ጸጉር ሸፍኖታል።

ስልኩ ከትራስ ሥር ወጥቶ ሳሎን ብፌው ላይ ማደር ከጀመረ ስድስተኛ ሌሊቱ ነው። የእጅጌውን ፎቶ በሚመጣው ቅዳሜ ጸጉሯን አስይዘን ደግመን እናነሳለን።